ሁሉም ቶማስ የሆነበት ቤት፦ የእንግሊዝ መስፍንን ዘር በእኛ ደንብ እንዴት እንቆጥራለን?

የእህቴ ልጅ አንድ ማታ ስልኩን ይዞ ወጥ ቤት መጣ። «አክስቴ፣ ይሄ ቶማስ ሃዋርድ የሚባል ሰውዬ ስንቴ ነው የሚሞተው?» አለኝ። በ1524 ሞቷል። በ1537 እስር ላይ እያለ ሞቷል። በ1554 እንደገና ሞቷል። በ1572 ደግሞ አንገቱ ተቀልቶ ሞቷል። ልጁ እየቀለደ አልነበረም። የምር ግራ ገብቶታል።

ሐዋሳ ውስጥ 26 ዓመት ታሪክ አስተምሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። ይህ ጥያቄ ክፍል ውስጥም ብዙ ጊዜ ገጥሞኛል። ተማሪ የእንግሊዝን ታሪክ የሚሸሸው ከብዶት አይደለም፤ ስሙ እየተምታታበት ነው። ያን ክረምት እኔና ልጁ ቁጭ ብለን የአንዱን ቶማስ ሃዋርድ ሕይወትና ቤተሰብ በወረቀት ላይ አወጣነው። የተጠቀምነው አያቴ ባስተማረችኝ የዘር አቆጣጠር ነው። አዋጣን። እናንተም እንድትሞክሩት አካሄዱን ልንገራችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የሚያስፈልጋችሁ ትልቅ ወረቀት፣ እርሳስ፣ ላጲስ፣ ጥቁርና ቀይ እስክሪብቶ ነው። እኛ የአሮጌ ካላንደር ጀርባ ነው የተጠቀምነው። አራት ገጽ በፕላስተር አያይዘን በረንዳ ላይ ዘረጋነው። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ ስለሚያስቸግር አራቱን ጫፍ በድንጋይ ያዝነው። ላጲሱን አትናቁት። ደጋግማችሁ ታነሱታላችሁ።

መጀመሪያ አንድ ሰው ምረጡ። እኛ አራተኛውን የኖርፎክ መስፍን መረጥን፤ በ1572 የተቀላውን። ወረቀቱ መሐል ላይ ጻፉት እንጂ ከላይ አትጻፉት። ከላዩ ለአያቶቹ፣ ከታቹ ለልጆቹ፣ ከጎኑ ደግሞ ለሚስቶቹ ቦታ ያስፈልጋል። ይህ ሰው ሦስት ሚስት ስላገባ ጎኑ ሰፊ ይሁን።

ቀጥሎ «ሃዋርድ» የሚለውን አጥፉት። ሁሉም ሃዋርድ ከሆኑ ሃዋርድ ማንንም ከማንም አይለይም። አያቴ ከመንዝ መጥታ ሐዋሳ የከተመች ሴት ነበረች። እንግዳ ሲመጣ ከስሙ በፊት የምትጠይቀው «የማን ልጅ ነህ?» ብላ ነበር። ጎረቤታችን የነበሩት የሲዳማ ሽማግሌም አባቶቻቸውን ወደኋላ ሲቆጥሩ እንደ ውሃ ይወርድላቸው ነበር። ለእንግሊዞቹም ያንኑ ጥያቄ አቅርቡላቸው። የማን ልጅ ነው?

እንግዲህ የመጀመሪያው መስፍን ጆን ነው፤ በ1485 ቦስወርዝ ጦር ሜዳ ላይ ወደቀ። ልጁ ቶማስ ጆን ይሆናል። በ1513 ፍሎደን ላይ ስኮትላንዶችን ያሸነፈውና በ1524 የሞተው እሱ ነው። የሱ ልጅ ቶማስ ቶማስ ሦስተኛው መስፍን ነው፤ በ1554 የሞተው። የሦስተኛው መስፍን ልጅ ሄንሪ ገጣሚ ነበር። መስፍንነቱ ሳይደርሰው በ1547 ተገደለ። የሄንሪ ልጅ የኛ ሰው ነው፤ ቶማስ ሄንሪ። ከዚህ በኋላ እኔም በዚህ ስም ነው የምጠራው። ልጆቹ ፊሊፕ፣ ቶማስ፣ ዊሊያምና ማርጋሬት ናቸው። የፊሊፕ ልጅ፣ ሥዕልና ጥንታዊ ሐውልት በመሰብሰብ የታወቀው፣ ቶማስ ፊሊፕ ይባላል።

አያችሁ እንዴት እንደጠራ? ሁለት ቶማስ ቶማስ ቢኖሩም ችግር የለም፤ አያት መጨመር ነው። ሦስተኛው መስፍን ቶማስ ቶማስ ጆን ነው። የኛ ሰው ልጅ ቶማስ ቶማስ ሄንሪ ነው።

ልጁ ግን አልለቀቀኝም። «በ1537 የሞተውስ?» አለ። ፈለግነው። የሦስተኛው መስፍን ወንድም ነው። የንጉሥ ሄንሪ 8ኛን የእህት ልጅ፣ ማርጋሬት ዳግላስን፣ በድብቅ ሊያገባ ቃል ተግባብቶ ለንደን ግንብ ታሰረና እዚያው ሞተ። ቶማስ ጆን ሁለት ልጆቹን ቶማስ ብሎ ነበር፤ ከሁለት ሚስት። ሁለቱም ቶማስ ቶማስ ጆን ሆኑ! አባት ብትቆጥሩ፣ አያት ብትቆጥሩ፣ እስከ ምንጅላት ብትወጡ አይለዩም።

ቀዩን እስክሪብቶ ያነሳነው ያኔ ነው። እናቶቻቸውን ጻፍን። አንዱ የኤልሳቤጥ ልጅ ነው፣ ሌላው የአግነስ። ሁለቱም የቲልኒ ቤት ሴቶች ናቸው፣ ዘመዳሞች። ወንድማማቾቹ በእናታቸው ተለዩ። የዚህን ሥራ ቁልፍ ያገኘሁት እዚያ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። የእንግሊዝ መኳንንት መጻሕፍት ወንድ ከወንድ እያያያዙ ይቆጥራሉ። ሴቶቹ በአንድ መስመር ያልፋሉ፤ «እገሊትን አገባ» ተብሎ። እናንተ ግን ለእያንዳንዱ ሰው እናቱን በቀይ ጻፉ። ስሟን፣ የአባቷን ስም፣ የመጣችበትን ርስት። አንዲቷንም አትዝለሉ።

አንድ ምሳሌ። ቶማስ ጆን ኤልሳቤጥ የምትባል ልጅ ነበረችው። እሷ አን ቦሊንን ወለደች። አን ቦሊን ንግሥት ኤልሳቤጥን ወለደች። ከቶማስ ሄንሪ ተነስታችሁ ሦስት ትውልድ ውጡ። ከንግሥቲቱ ተነስታችሁም ሦስት ውጡ። ቅድመ አያታቸው አንድ ሰው ነው። በ1572 የሞት ፍርዱን ፈርማ ስትሽር፣ ፈርማ ስትሽር ወራት ያስቆጠረችው ንግሥት የሥጋ ዘመዱ ናት። በወንድ ብቻ ከቆጠራችሁ ይህ ዝምድና ወረቀቱ ላይ አይታይም።

ስለ ማዕረግ ብዙ አትጨነቁ፤ ሁለት ነገር ይበቃል። የመጀመሪያው፣ ዱክ የሚሉት እኛ መስፍን የምንለው ነው። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዑል መኮንን «መስፍነ ሐረር» ይባሉ የነበረውን አስታውሱ። ከመስፍን በታች ማርኲስ፣ ኧርል፣ ቫይካውንትና ባሮን ይከተላሉ። በኛ አገር ራስነትም ሆነ ደጃዝማችነት ለሰውዬው የሚሰጥ ነበር። በእነሱ ግን ማዕረጉ ከነርስቱ ለበኩር ልጅ ይተላለፋል። እኛ ርስትን ለልጆች እናካፍላለን፤ እነሱ ብኩርና ላይ የጸኑ ናቸው። ሁለተኛው፣ አንድ ሰው በዕድሜው ሦስት አራት ጊዜ መጠሪያው ሊለወጥ ይችላል። መስፍኑ በሕይወት እያለ በኩር ልጁ የሰሬይ ኧርል ይባላል። አባት ሲሞት መስፍን ይሆናል። ስለዚህ የተወለደበትን ስም በእስክሪብቶ፣ ማዕረጉን ከሥሩ በእርሳስ ከነዓመቱ ጻፉ።

ዓመቱን በሚመለከት ደግሞ ለኛ የሚቀርብ ነገር አለ። በዚያ ዘመን እንግሊዞች ዓመታቸውን የሚለውጡት ጥር መባቻ ላይ አልነበረም። ማርች 25 ቀን ነበር፣ ገብርኤል እመቤታችንን ባበሠረበት በዓል። ያ ቀን በነሱ የድሮ አቆጣጠር በትክክል የኛ መጋቢት 29 ላይ ይውላል፤ እኛም ጽንሰቱን የምናከብርበት ቀን ነው። ይህን ለልጁ ስነግረው ካላንደሩን ገልብጦ መጋቢት 29ን አየና ዝም አለ። እኔም ክፍል ውስጥ ይህን ሳስተምር ደስታዬን መደበቅ አልችልም ነበር።

ይህ ለሥራው ምን ይጠቅማል? የቶማስ ሄንሪ ችሎት የተሰየመው ጥር አጋማሽ፣ ጃንዋሪ 16 ቀን 1572 ነው። የዘመኑ ጸሐፊ ግን 1571 ብሎ ይጽፈዋል፤ ዓመቱ ገና አልተለወጠማ። ከጃንዋሪ 1 እስከ ማርች 24 ያለ ቀን ሲገጥማችሁ ሁለቱንም ጻፉ፣ 1571/72 ብላችሁ። እንግሊዝ ይህን አቆጣጠር የተወችው በ1752 ነው። ከዓመቱ ጎን የኛን ንጉሥ መጻፍም ይረዳል። ቶማስ ሄንሪ የተወለደው አፄ ልብነ ድንግል በሕይወት እያሉ ነው። ሲሞት አፄ ሠርፀ ድንግል ዙፋን ላይ ነበሩ። ልጁ ዘመኑን የያዘው በዚህ ነው።

አሁን ወደ ልጅነቱ። አባቱ ሄንሪ በጃንዋሪ 1547 ተገደለ። አያቱም ሞት ተፈርዶባቸው ግንብ ውስጥ ነበሩ። የመገደያቸው ቀን ሲደርስ ንጉሡ ራሳቸው ሞቱና አያት ተረፉ። ከእስር የወጡት ግን ስድስት ዓመት ቆይተው ነው፣ በ1553። በዓመቱ ሲሞቱ ቶማስ ሄንሪ አያቱን ወርሶ መስፍን ሆነ።

በመሐሉ የሄንሪን ልጆች ያሳደገችው አክስታቸው፣ የሄንሪ እህት ሜሪ ናት። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እኔም የእህቴን ልጅ የማሳድግ አክስት ነኝ። ሜሪ በወንድሟ ክስ ላይ ቃሏን የሰጠች ሴት ናት፤ ቃሏም ጎድቶታል። ከዚያ የዚያኑ ወንድሟን ልጆች ተረክባ ጆን ፎክስ የሚባል የተማረ ሰው ቀጥራ አስተማረቻቸው። ከ25 ዓመት በኋላ ቶማስ ሄንሪ ሊሰየፍ ሲወጣ ያ አስተማሪው አብሮት ነበር። አሳዳጊ የምትጽፉበት ቦታ ወረቀቱ ላይ ይኑራችሁ። ማን ወለደው ብቻ ሳይሆን ማን አሳደገው፣ ማን ፊደል አስቆጠረው የሚለው የሰውን ሕይወት ይገልጣል።

ወደ ሚስቶቹ ስንመጣ ቀዩ እስክሪብቶ ሊያልቅ ደረሰ።

የመጀመሪያዋ ሜሪ ፊትዝአለን ናት፣ የአረንደል ኧርል ልጅ። በ1555 ተጋቡ። በ1557 ፊሊፕን ወለደች፤ ሁለት ወር ሳይሞላት ሞተች። ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላትም ነበር። ሁለተኛዋ ማርጋሬት ኦድሊ ናት። የእሷና የሜሪ እናቶች እህትማማች ናቸው። ሰባት ቤት የምትቆጥረው አያቴ ይህን ብትሰማ «የሚስትህን የአክስት ልጅ?» ብላ በተነሳች ነበር። ማርጋሬት በ1564 መጀመሪያ ዊሊያምን በወለደች በሳምንታት ውስጥ ሞተች። ሦስተኛዋ ኤልሳቤጥ ሌይበርን ናት፣ የሎርድ ዴከር ሚስት የነበረች፣ ባሏ ሞቶባት አራት ልጅ ይዛ የመጣች። እሷም በ1567 በወሊድ ሞተች። ሦስት ሚስት፣ ሦስቱም በወሊድ ምክንያት። እነዚህን ሦስት ቀይ ስሞች ጎን ለጎን ስጽፍ እጄ ከበደኝ። የእናቴ ታላቅ እህትም እንደዚሁ ነው የሞተችው።

ከእያንዳንዷ ስም አጠገብ ይዛ የመጣችውን ርስት ጻፉ። ይህን ካልጻፋችሁ ቀሪው ታሪክ አይገባችሁም። የሜሪ ወንድም ልጅ ሳይተካ ስለሞተ የአረንደል ርስትና ማዕረግ በእሷ በኩል ወደ ልጇ ፊሊፕ ዞረ። ማርጋሬት የአባቷ ብቸኛ ወራሽ ነበረች፤ የዋልደን መሬት ለልጇ ለቶማስ ሆነ። የሦስተኛዋ ሚስት ልጆች ደግሞ ሦስት ሴትና አንድ ወንድ ናቸው። ቶማስ ሄንሪ ሞግዚታቸው ሆነ። በዚያ ዘመን ሞግዚትነት ትልቅ ሀብት ነው፤ የልጁን መሬት ታስተዳድራለህ፣ ማንን እንደሚያገባም ትወስናለህ። ትንሹ ወንድ ልጅ በ1569 ከመለማመጃ የእንጨት ፈረስ ወድቆ ሞተ። ርስቱ ለሦስቱ እህቶች ቀረ። ቶማስ ሄንሪም ሦስቱን የእንጀራ ልጆቹን ለሦስቱ ወንዶች ልጆቹ አጨ። አን ለፊሊፕ፣ ሜሪ ለቶማስ፣ ኤልሳቤጥ ለዊሊያም። ወረቀቱ ላይ ይህን በቀስት ነው የምታሳዩት። ቀስቶቹ ስለሚተላለፉ በእርሳስ ጀምሩ።

ውድቀቱን በአጭሩ ልለፈው፤ ስለሱ የተጻፈው ብዙ ነው። በእንግሊዝ ብቸኛው መስፍን ነበር። የኤልሳቤጥ ዙፋን ይገባኛል የምትለውንና እንግሊዝ ውስጥ ታስራ የነበረችውን የስኮትላንዷን ንግሥት ሜሪን ሊያገባ አሰበ። በ1569 ታሰረ፣ በ1570 ተፈታ፣ አላረፈም። በ1571 የሱ ሰዎች ለአንድ የጨርቅ ነጋዴ ከረጢት ሰጥተው «50 ፓውንድ የብር ሳንቲም ነው፣ ወደ ሰሜን አድርስልን» አሉት። ነጋዴው ከረጢቱን ሲያነሳው ከበደው። ከፈተው። ለስኮትላንዷ ሜሪ ደጋፊዎች የሚላክ 600 ፓውንድ የወርቅ ሳንቲምና በምስጢር ፊደል የተጻፈ ደብዳቤ ነበር። ለመንግሥት አስረከበ። ሁሉም ነገር የተፈታው ከዚያ ወዲያ ነው። ጁን 2 ቀን 1572 ተቀላ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስትበት ነገር አለ። በኛ ቋንቋ ወረሰና ተወረሰ ከአንድ ግስ ነው የሚወጡት። ልጅ አባቱን ይወርሳል፤ መንግሥት ደግሞ ንብረት ይወርሳል። በእንግሊዝ በክህደት የተፈረደበት ሰው ንብረቱ ብቻ አልነበረም የሚወረሰው። ደሙ እንደተበከለ ይቆጠራል። ልጆቹ በእሱ በኩል ምንም መውረስ አይችሉም፣ ማዕረግም ቢሆን። ፊሊፕ በአንድ ቀን የሰሬይ ኧርልነቱን አጣ። ወረቀታችሁ ላይ ከቶማስ ሄንሪ ወደ ልጆቹ የሚወርደውን ጥቁር መስመር በሁለት ጭረት ቁረጡት።

ቀዩን መስመር ግን አትቁረጡ። የእናት ርስት በአባት ወንጀል አልተነካም። ፊሊፕ በ1580 የእናቱ አባት ሲሞቱ የአረንደል ኧርል ሆነ። ቶማስ በእናቱ መሬት ላይ ኦድሊ ኤንድ የሚባለውን ግዙፍ ቤት ሠራ፤ በ1603 የሳፎክ ኧርል ተባለ። ዊሊያም በሚስቱ በኩል ናዎርዝ የሚባለውን ግንብ አግኝቶ በሰሜን ኖረ። አባታቸው ሊሞት ሲል ለልጆቹ በጻፈው ደብዳቤ ከቤተ መንግሥት እንዲርቁ መክሯቸው ነበር። ያ ቤት እንዳይጠፋ ያቆዩት ግን ሃያውንና ሠላሳውን ሳያልፉ የሞቱት ሴቶች ናቸው። የኖርፎክ መስፍኖች ዛሬም የሚኖሩት በአረንደል ግንብ ነው፣ ሜሪ ፊትዝአለን ባመጣችው።

ልጆቹን ስታወጡ አንድ ዓመት ምረጡና እያንዳንዳቸው የት እንደነበሩ ጻፉ። እኛ 1588ን መረጥን፣ የስፔን መርከቦች እንግሊዝን ሊወጉ የመጡበትን። ቶማስ መርከብ ላይ ሆኖ ለንግሥቲቱ ይዋጋል። ፊሊፕ በካቶሊክ እምነቱ ምክንያት ለንደን ግንብ ውስጥ ታስሯል። ለስፔኖች ጸልየሃል ተብሎ ተከሰሰ፣ በዓመቱ ተፈረደበት፣ በ1595 እዚያው ሞተ። በ1970 የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ብላ ሰይማዋለች። የአንድ አባት ልጆች ናቸው። ልጁ ሁለቱን ስሞች እያየ ብዙ ቆየ።

የድሮ ደብዳቤ የምታነቡ ከሆነ ዝምድና የሚገልጹ ቃላትን እንዳሉ አትውሰዱ። የልጅን ባል «ልጄ» ይሉታል። የሩቁንም ዘመድ በአንድ የዘመድ ስም ይጠሩታል። እኛም መንገድ ላይ የማናውቀውን ሰው «ወንድሜ» እንላለን። ከቀይና ከጥቁር መስመር ጋር ሳታመሳክሩ ወረቀቱ ላይ አታስገቡ።

እኛ የጨረስን መስሎን ነበር። ድንጋዮቹን አንስተን ወረቀቱን ልንጠቀልል ስንል ልጁ ስልኩን አየ። መስፍንነቱ በ1660 ለቤተሰቡ ተመልሷል። የተመለሰለት አምስተኛው መስፍን ስሙ ማን ነው? ቶማስ ሃዋርድ። የአባቱ ስም? ሄንሪ። የአያቱ? ቶማስ። ቶማስ ሄንሪ ቶማስ! የኛም ሰው ቶማስ ሄንሪ ቶማስ ነው። ልጁ ወደ እኔ ሳይዞር ቀዩን እስክሪብቶ አነሳ። ለኛው ሰው «የፍራንሲስ ልጅ» ብሎ ጻፈ። ለአምስተኛው መስፍን «የኤልሳቤጥ ልጅ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ አምስተኛውን የካላንደር ገጽ ፍለጋ ወደ ቤት ገባ።